ክርክር፦ ቦርጂያዎች ከሌሎቹ ይብሱ ነበር ወይስ ስማቸው ነው የከፋው?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ ፖፕ አሌክሳንደር 6ኛ (ሮድሪጎ ቦርጂያ፣ በመንበሩ የቆየው 1492–1503) ነው። የዘመኑ ሙሰኞች ቁንጮ ነበር? ወይስ ሁሉም ያደረገውን አድርጎ በሱ ላይ ብቻ ተላከከ? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ ክልክል ነው፤ የማንንም ሃይማኖት መንካትም።

ሄኖክ፦ ምኑ ያከራክራል? ሥልጣኑን ገዝቶ ነው የገባው። ካርዲናል (ፖፑን የሚመርጥ ከፍተኛ የቤተ ክርስቲያን ሹም) አስካኒዮ ስፎርዛ ድምፁን ሰጠው፤ በምላሹ የሮድሪጎን የምክትል ቻንስለርነት (የፖፑን ጽሕፈት ቤት የመምራት) ቦታ ከነመኖሪያ ቤተ መንግሥቱ ተረከበ። በዓመቱ ልጁ ቼዛሬ ገና በ18 ዓመቱ ካርዲናል ሆነ። ሴት ልጁ ሉክሬዚያማ የፖለቲካ መያዣ ነበረች፦ አንዱን ጋብቻ አፈረሱባት፣ ሁለተኛ ባሏ ተገደለ፣ ለሦስተኛ ዳሯት።

ማርታ፦ ያልከው ልክ ነው። ግን ከሱ በፊት የነበሩትን ለምን ዘለልካቸው? ሲክስተስ 4ኛ በ1471 እንደተሾመ የወንድሙንና የእህቱን ልጅ ካርዲናል አደረገ። ሌላው ዘመዱ ጂሮላሞ ሪያሪዮ በ1478 ፍሎረንስ ላይ የከተማዋን ገዢ ቤተሰብ ሜዲቺዎችን ለመግደል በተሸረበው ሴራ ውስጥ እጁ አለበት። ጁሊያኖ ዴ ሜዲቺ ካቴድራል ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ ነው ተወግቶ የሞተው! ቦርጂያዎች ግን ከስፔን የመጡ ባዳ ስለሆኑ ማንም አልማራቸውም።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆቼ፣ አሠራሩን እዩት። ጵጵስናው አይወረስም። ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አርጅቶ ነው። ሮም ውስጥ ደግሞ ኦርሲኒና ኮሎና የሚባሉ ባለ ጦር ቤተሰቦች አሉ። ዘመዱን ካልሾመ ማንን ይመን? ሲሞት ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ እዚያም ይሠራ ነበር።

ሄኖክ፦ ጋሽ ታደሰ፣ በአክብሮት፣ ታማኝ ሰው መፈለግና ለልጅ አገር መቁረስ ይለያያሉ። ቼዛሬ በ1498 ካርዲናልነቱን ጥሎ በቤተ ክርስቲያኗ ገንዘብ ሮማኛ የሚባለውን የጣሊያን ግዛት በጦር ያዘ። ይሄ ራስን መከላከል ነው?

ሳራ ከሮም፦ እኔን የሚገርሙኝ ፋርኔዜ የሚባሉት ቤተሰብ ናቸው። አሌሳንድሮ ፋርኔዜን ካርዲናል ያደረገው አሌክሳንደር ራሱ ነው፤ እህቱ ጁሊያ የፖፑ ውሽማ ነበረች። ሮማውያን «የቀሚስ ካርዲናል» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ይሄው ሰው በ1534 ጳውሎስ 3ኛ ተብሎ መንበሩን ያዘ። ወዲያው ሁለት የልጅ ልጆቹን ካርዲናል አደረገ፤ አንዱ 14 ዓመቱ ነው። በ1545 ፓርማና ፒያቼንሳ የሚባሉትን የጣሊያን ከተሞች ለልጁ ሰጠ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗን ያድሳል የተባለውን የትሬንት ጉባኤ አስከፈተ! የቼዛሬ ግዛት አባቱ ሲሞት ፈረሰ፤ የፋርኔዜዎቹ እስከ 1731 ቆየ። የተሳካለት ሲመሰገን ያልተሳካለት ሲረገም ነው የማየው።

ማርታ፦ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ላይ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548–49 ሲያሳትሙ የደገፋቸውም ይሄው ጳውሎስ 3ኛ ነው። ሙሰኛ ልለው ስል እጄ ያዝ አደረገኝ 😄

ሄኖክ፦ መጽሐፉ የ14 ዓመቱን ካርዲናል አያጥበውም።

ጋሽ ታደሰ፦ ፖፖች ለዘመዶቻቸው ርስትና ሹመት እንዳያድሉ ኢኖሰንት 12ኛ በአዋጅ የከለከለው በ1692 ነው። ሄኖክ፣ ችግሩ የአንድ ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ቦርጂያ ከሞተ ከ189 ዓመት በኋላ አዋጅ ምን ያደርጋል?