በአጭር ሞገድ የሚሰማኝ የወታደር ሬዲዮ ይሆን? በምን ልለየው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ስነካካ ሦስት እንግዳ ድምፅ አገኛለሁ። አንዱ እንደ ጢንዚዛ ጥዝ ይላል። አንዱ እንደ ጎርፍ ያጓራል። ሌላው በእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ያነባል። የወታደር መሆን አለመሆናቸውን በምን ልለይ? የተሻለ ሬዲዮ ልግዛ ወይስ በኢንተርኔት ልጀምር?

መላሽ፦ በኢንተርኔት ጀምር፤ ለመግዛት አትቸኩል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቲክ ቲክ የሚል ነገር ይዤ ሦስት ሌሊት ቀዳሁ። ሰላይ ያዝኩ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ለካስ የስልኬ ቻርጀር ነው! ከሶኬቱ ስነቅለው ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ቦታ ባለ ሬዲዮ ሳላመሳክር አላምንም።

ለማመሳከር ሁለት ነፃ አማራጭ አለህ። በኔዘርላንድስ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብኤስዲአር እስከ 29 ሜጋኸርዝ ድረስ በብራውዘር ያሰማሃል። ብዙ ሰው አንድ ላይ ያስተናግዳል። ግን ያለው አንድ ቦታ ነው፤ እዚያ ያልደረሰውን አትሰማም። ኪዊኤስዲአር ደግሞ በየአገሩ የተተከሉ ተቀባዮች መረብ ነው። አንዱ ተቀባይ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ አንዳንዴ ሞልቶ ይጠብቅሃል። ቢሆንም የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ሲግናሉ የተለያዩ ተቀባዮች ጋ የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት አስልቶ ማሰራጫው የት አካባቢ እንደሆነ በካርታ ያሳይሃል። ቲዲኦኤ ይሉታል። ተቀባዮቹን ከየአቅጣጫው ምረጥ። በአንድ ወገን ከተደረደሩ ካርታው ያሳስትሃል።

ጥዝ የሚለው 4625 ኪሎኸርዝ ላይ ከሆነ አለቀ፤ የሩሲያው “ባዘር” ነው። በደቂቃ 25 ጊዜ ገደማ ይጮሃል። አልፎ አልፎ ድምፁ ይቆምና ሰው በሩሲያኛ ስምና ቁጥር ያነባል። ስለ እሱና ስለ ቁጥር ጣቢያዎች (ለሰላዮች ይነበባል የሚባል የምስጢር ቁጥር የሚያሰራጩ ናቸው) ፕሪዮም የተባለውን ድረ ገጽ የሚያህል የለም።

ፊደል የሚያነበውን 8992 ወይም 11175 ኪሎኸርዝ ላይ ካገኘኸው የአሜሪካ አየር ኃይል መረብ ነው። መልእክቱ በምስጢር የተቆለፈ ነው፤ ብዙ ጊዜ 30 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። በየቀኑ ስለሚነበብ ጦርነት ሊጀመር ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። ሬዲዮህን ዩኤስቢ ላይ አድርገው። የኮምፒውተሩ መሰኪያ አይደለም፤ የላይኛው ጎን ሞገድ የሚባለው የመቀበያ ስልት ማለት ነው።

የሚያጓራው ነው አስቸጋሪው። የዳታ ሲግናል ሊሆን ይችላል፤ እሱን ደግሞ በጆሮ ብቻ አትለየውም። ዋተርፎሉን፣ ማለትም ሲግናሎቹን በስክሪን ላይ በቀለም የሚያሳየውን ምስል እይና ሲግናሉ ስንት ኪሎኸርዝ ስፋት እንደያዘ ለካ። ሲግአይዲ ዊኪ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የየሲግናሉ የድምፅ ናሙናና ምስል አለ። አርጤምስ የሚባለው ፕሮግራም ያንኑ መረጃ ያለ ኢንተርኔት በፍሪኩዌንሲና በስፋት እንድትፈልግ ያስችልሃል። ለጀማሪ ዊኪው ይሻላል። ስፋት መለካት ሲለምድህ ወደ አርጤምስ ትዞራለህ።

ሌላ አስተያየት፦ እኔ እንኳ በዚህ አልስማማም። በራስህ ሬዲዮ ካልሰማህ ጆሮህ አይሠለጥንም። ኤስኤስቢ (ዩኤስቢን የሚያካትተው የጎን ሞገድ መቀበያ) ያለው ይሁን እንጂ ቴክሰን ፒኤል-330 ይበቃሃል። ከኮምፒውተር ጋር የምትሠራ ከሆነ አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ4 አለልህ። ከዚያ 7039 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሂድና የሩሲያ ባሕር ኃይልን የሞርስ ፊደሎች ፈልግ። እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ፊደል እየደጋገመ ይልካል፦ ዲ ሴቫስቶፖል ነው፣ ፒ ካሊኒንግራድ፣ ኤም ማጋዳን። ማጋዳን ከተሰማህ ሞገዱ በዚያ ሰዓት ከሩቅ ምሥራቅ እየደረሰህ ነው ማለት ነው። ደግሞ በአንዳንድ አገር የወታደር ሬዲዮ መስማት ወይም የሰሙትን ማውራት በሕግ ይከለከላል፤ ቀድመህ አጣራ።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት። ጥዝ ባዩ እውነትም ባዘር ነው። የሚያጓራው ደግሞ የቤቴ አይደለም፤ ሦስት ኪዊ ላይ አገኘሁት። ስፋቱ ወደ 3 ኪሎኸርዝ ነው፤ አያቋርጥም።

መላሽ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ከስታናግ 4285 ናሙና ጋር አስተያየው። የኔቶ የዳታ ደረጃ ነው፤ ፍጥነቱ 2400 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 2400 ምልክት ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ይጠቀምበታል፤ ሌሎችም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ድምፁ ቢመሳሰልም ባለቤቱን አይነግርህም። ይዘቱም በአብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ ልፍታው ብለህ አትድከም። ዛሬ ማታ ቲዲኦኤውን በአምስት ስድስት ተቀባይ ሞክርና ካርታውን ከፍሪኩዌንሲውና ከሰዓቱ ጋር ላክልን።