ለጠረጴዛ የሚሆን ጥንድ ስፒከር በ20 ሺህ ብር፦ የቱን ልምረጥ?

የማርቆሱ ልጅ፦

እንደምን ከረማችሁ። ላፕቶፕ ላይ ሙዚቃ የምሰማበት ጥንድ ስፒከር ልገዛ ስለሆነ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ክፍሌ 3 በ3.5 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ተለስኖ ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ጠረጴዛው 120 በ60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። በብዛት የምሰማው ማሲንቆና ክራር፣ ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች፣ በጾም ደግሞ በገናና ወረብ ነው። ቤቱን ማንቀጥቀጥ አልፈልግም፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ቃሉ እንዲለይልኝ ነው። ያለኝ 20 ሺህ ብር ነው።

ያልገባኝ ብዙ ነው። ሱቅ ውስጥ «1000 ዋት» የሚል ትልቅ ዎፈር (የቤዝ ሳጥን) እና ሁለት ትንንሽ ሳጥን ያለው ስብስብ በግማሽ ዋጋ አይቻለሁ፤ እሱስ? አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ውስጡ ያለው ይሻላል ወይስ ለብቻው የሚገዛው? አሜሪካ ያለች አክስቴ ይዤልህ ልምጣ ብላኛለች፤ በእኛ መብራት ይሠራል? ቤት ውስጥ ደግሞ ቴፑ ከተበላሸ የድሮ የጃፓን ስቴሪዮ የቀሩ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ እነሱን ማስነሳት ይቻል ይሆን?

ዳሞት፦

ወንድሜ፣ ከ«1000 ዋት»ው እንጀምር። ያ ቁጥር ፒ.ኤም.ፒ.ኦ የሚባለው ነው፤ አምራቹ ደስ እንዳለው የሚጽፈው እንጂ በአንድ ሕግ የሚለካ ነገር አይደለም። ካርቶኑ ላይ አር.ኤም.ኤስ የሚለውን፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን እውነተኛ ኃይል፣ ፈልግ። እሱ ከሌለ ዕቃውን አዙረህ ከሶኬት የሚስበውን ዋት አንብብ። ከመብራት 40 ዋት የሚስብ ዕቃ 1000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል?

ለመሆኑ አንተ ለምትቀመጥበት ርቀት ስንት ዋት ያስፈልጋል? በጣም ጥቂት። መካከለኛ የሆነ ትንሽ ሳጥን በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 85 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ስትቀመጥ 3 ዲሲቤል ትጨምራለህ፤ ሁለተኛው ሳጥን ሲደመር ሌላ 3። 91 ገባ፤ ይሄ ሁሉ በየሳጥኑ 1 ዋት ብቻ ነው። 85 ዲሲቤል እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት ጆሮ ይጎዳል። ከበሮው ድንገት ሲመታ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ 10 ዲሲቤል ያህል ትርፍ ይፈለጋል፤ ያ ማለት 10 እጥፍ፣ 10 ዋት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን እውነተኛ 15 ወይም 20 ዋት ካገኘህ በቂህ ነው፤ ከዚያ በላይ ለዋት ብር አትክፈል። ብርህ ለሳጥኑና ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትዊተር ይዋል።

ዎፈር ያለውን ስብስብ ለአንተ ሙዚቃ የማልመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። ሁለቱ ትንንሽ ሳጥኖች ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች ስለሆኑ ከ150 እስከ 200 ኸርዝ (ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች ያለውን ሁሉ ለዎፈሩ ይተዉታል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ደግሞ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ የአዝማሪው ድምፅ ግማሹ ከፊትህ፣ ግማሹ ከጠረጴዛ ሥር ይመጣል። ባለ 4 ኢንች ጥንድ ሳጥን ግን 75 ወይም 80 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ዘፋኙም አንድ ቦታ ላይ ይቆምልሃል።

ጮቄ፦

ዳሞት ባለው ላይ ሞዴል ልጨምር። አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለውን ግዛ። አንደኛው ሳጥን አምፕሊፋየሩን ይይዛል፣ ሁለተኛው በሁለት ቀጭን ገመድ ከእሱ ይገናኛል፤ ሌላ የምትገዛው የለም።

ለአንተ ጆሮ መጀመሪያ የምጠራው ኤዲፋየር አር 1280ቲ ነው። በየሳጥኑ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ባለ 4 ኢንች ዎፈርና 13 ሚሊ ሜትር የሐር ትዊተር አለው፤ ኃይሉ በየጎኑ 21 ዋት አር.ኤም.ኤስ ነው። የአየር ቀዳዳው ከፊት ስለሆነ ለግድግዳ ለተጠጋ ጠረጴዛ ይመቻል። የቤዝና የትሬብል (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ) ማስተካከያው በጎኑ ላይ አለ። በገንዘብ ካነሰህ ታናሹ አር 980ቲ አለ፤ ኃይሉ በየጎኑ 12 ዋት ነው፣ ለክፍልህ አያንስም። ብሉቱዝ ያለውን አር 1280ዲቢ አሻሽለው ሊሸጡልህ ይሞክራሉ፤ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ከሆነ ገመዱ ይበቃሃል፣ በብሉቱዝ ቪዲዮ ስታይ ደግሞ ድምፁ ከከንፈር ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

ሌላው ፕሪሶነስ ኤሪስ ኢ3.5 ነው። ዎፈሩ 3.5 ኢንች ነው፤ ቃል በመለየት በኩል ከኤዲፋየሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ያንኑ ያህል የካሴቱን ሽሽታም («ሽሽ» የሚለውን ድምፅ) ይለይልሃል! የድሮ ዘፈን በብዛት ለሚሰማ ሰው ኤዲፋየሩ የለዘበ ነው። የኤሪስ ቀዳዳ ከኋላ ስለሆነም ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ ይፈልጋል።

በዩኤስቢ ብቻ የሚሠሩትን ተዋቸው። የተለመደው የዩኤስቢ ቀዳዳ 5 ቮልት በ0.5 አምፔር ነው የሚሰጠው፤ ለሁለቱም ጎን ተደምሮ 2.5 ዋት ማለት ነው።

ሱቅ ስትሄድ የራስህን ፋይል በፍላሽ ያዝ፤ ሻጩ በሚያጫውተው የጭፈራ ሙዚቃ አትፍረድ። ወረብ አጫውት። የጸናጽሉ እያንዳንዱ ቅጠል ተለይቶ ከተሰማ ትዊተሩ ጤነኛ ነው፤ እንደ ተቀደደ ወረቀት «ሽሽሽ» ብሎ ከተደበላለቀ አይሆንህም። ከበሮው ሲመታ ድምታው ወዲያው ማቆም አለበት፤ «ቡምምም» እያለ የሚንዘላዘል ከሆነ ሳጥኑ ራሱ እየዘፈነ ነው። ቀጥለህ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው፦ አንዱ ጎን ቀድሞ ከጠፋ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚዛን የለውም፤ አንተ ደግሞ ማታ ማታ የምትሰማው በዝቅተኛ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ሙዚቃውን አቁመህ ጆሮህን ትዊተሩ ላይ ለጥፍ። ትንሽ ሽሽታ የተለመደ ነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀህም ከሰማኸው ግን ተወው።

ጣና ዳር፦

የአክስትህን ጉዳይ እኔ ልመልስ። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እንዳለ ብትሰካው በሰከንድ ውስጥ ፊውዙ ወይም ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛቷ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። «100–240» የሚል ከሆነ መሰኪያውን ብቻ ቀይረህ ትጠቀማለህ። «120» ብቻ ካለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ስፒከር የ100 ዋቱ ይበቃል፣ ግን እሱም ሲሠራ «እምም» ስለሚል ከጠረጴዛው አርቀህ አስቀምጠው። ጥንዱ ሳጥን 5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከሻንጣዋ ላይ የሚቀንሰውንም አስብላት። በእኔ እምነት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር 220 ቮልቱን መግዛት ይቀላል።

መብራት ሲጠፋ ከጀርባው አጥፋው። ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ተከፍቶ የጠበቀው ዕቃ ነው የሚመታው። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመጣ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚያስገባው መከላከያ ለስፒከርም ያገለግላል።

የማርቆሱ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው አክስቴን ላፕቶፑ ላይ የምሰካው ሌላ ነገር አስመጣታለሁ። የድሮዎቹን ሳጥኖች አይቻቸዋለሁ፤ ጀርባቸው ላይ 6 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ይላል፣ የዎፈሩ ዙሪያ ጠርዝ ስፖንጅ ይመስላል። ይጣሉ?

እናርጅ እናውጋ፦

አትጣላቸው ወንድማለም፣ መጀመሪያ መርምራቸው። በጣትህ ጠርዙን በቀስታ ንካው። ስፖንጁ ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀብህ አልቋል፤ የስፖንጅ ጠርዝ ከ15–20 ዓመት በኋላ እንዲህ ነው የሚሆነው። የጎማ ከሆነ ግን ገና ይሠራል። ቀጥሎ ኮኑን (የሚርገበገበውን የዎፈሩን ፊት) በሁለት እጅህ ጣቶች ከግራና ከቀኝ እኩል ይዘህ ወደ ውስጥ ግፋው። ሳይፋተግ መግባትና መመለስ አለበት፤ ከተፋተገ ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል።

ገመዱን ከሁለቱ ጫፍ በመልቲሜትር ለካ። 6 ኦም የተጻፈበት ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ የተጻፈው ከሚለካው ሁልጊዜ ትንሽ ይበልጣልና አትደንግጥ። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። መልቲሜትር ከሌለህ 1.5 ቮልት የሆነ የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ንካበት፤ «ጧ» ካለና ኮኑ ከተንቀሳቀሰ ሕያው ነው። የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በቀዩ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ትዊተሩን ብቻውን በባትሪ አትንካው፣ ስስ ነው።

ካለፉ የምትገዛው ትንሽ ዲጂታል አምፕሊፋየር ብቻ ነው። ቲፒኤ3116 የሚባለው ቺፕ ያለበትን ጠይቅ። ሰው የሚሳሳተው ኃይል አሰጣጡ ላይ ነው፦ በ12 ቮልት ስታስነሳው ለ8 ኦም ሳጥን 9 ዋት ገደማ ነው የሚወጣው፤ በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ከ20 ዋት ያልፋል። የአሮጌ ላፕቶፕ ቻርጀር፣ 19 ቮልትና 3.42 አምፔር የሚለው፣ ለዚህ የተሠራ ያህል ይገጥማል። የሚሰካው ጫፍ መሃሉ አዎንታዊ መሆኑን፣ አምፕሊፋየሩም ላይ እስከ 24 ቮልት የሚል መኖሩን አረጋግጥ። ገመዱ ለ2 ሜትር ተራ ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ የመብራት ገመድ ይበቃል፤ ለ«ልዩ» ገመድ ብር አታውጣ።

ጮቄ፦

በዚህ ላይ ከእናርጅ እናውጋ ጋር ትንሽ እለያያለሁ። ጠርዙ የጎማ ቢሆን እስማማ ነበር፤ ስፖንጅ ከሆነ ግን አዲስ ጠርዝ አግኝቶ፣ ኮኑን መሃል ላይ አድርጎ ማጣበቅ የእጅ ሙያ ይጠይቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ከዘመመ ይፋተጋል። ደግሞ የስቴሪዮ ሳጥን ሰፊ ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ከፊትህ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ዎፈሩና ትዊተሩ ተራርቀው ስለተቀመጡ በቅርብ ሲሰሙት ድምፁ ሁለት ቦታ ይሆናል። ለሳሎን ይሁኑ።

አዊ፦

ስለ አቀማመጥ ማንም አላነሳም፤ ግማሹ ሥራ እዚያ ነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ሳብ፤ ማዕዘን ውስጥም አታስገባው፣ ማዕዘን ቤዙን ያሳብጠዋል። ሳጥኖቹን ከትዊተር እስከ ትዊተር 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር አራርቃቸው፤ ራስህም ከእያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ራቅ። ፊታቸውን ወደ ትከሻህ አዙር።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ስትቀመጥ ጆሮህ ከጠረጴዛው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የትንሽ ሳጥን ትዊተር ግን 18 ላይ ነው። ስለዚህ ጥራቱ ሁሉ ደረትህን ነው የሚመታው። ወይ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ እንጨት ሥሩ አስገባ፣ ወይም የፊቱን ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ወደ ላይ እንዲያይ አዘንብለው። ከሥሩ የስፖንጅ ቁራጭ አድርግበት፤ ጠረጴዛው አብሮ መንቀጥቀጡን ያቆማል። የጠረጴዛው ፊት የሚመልሰው ድምፅ ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ያለውን ያወፍረዋል፣ ንግግሩም በርሜል ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ይህን ካስተዋልክ የቤዙን ማስተካከያ ትንሽ ወደ ግራ መልስ። የተለሰነ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚመልስ ከጀርባህ ጋቢ ወይም ስጋጃ ስቀልበት።

ገመዱን ከገጠምክ በኋላ የአንድ ሰው ንግግር አጫውት፣ ዜናም ይሁን ስብከት። ድምፁ ከሁለቱ መሃል፣ ከላፕቶፑ በላይ መምጣት አለበት። ቦታው ጠፍቶ ቤዙ ከሳሳ የአንዱ ሳጥን ቀይና ጥቁር ገመድ ተቀያይሯል፤ የአንዱን ብቻ አዙር።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፅ ለመጨመር አትታገል፤ ያኔ የጆሮ ማዳመጫ ነው።

የማርቆሱ ልጅ፦

አር 1280ቲውን ልገዛ ወስኛለሁ። አንድ የቀረኝ፦ አሁን ባለኝ ትንሽ ስፒከር የላፕቶፑን ቻርጀር ስሰካ «እምምም» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ማውሱን ሳንቀሳቅስም ይጭራል። አዲሱም እንዲህ ያደርግ ይሆን?

ጣና ዳር፦

ሊያደርግ ይችላል፤ ችግሩ ከስፒከሩ ሳይሆን ከላፕቶፑ ነው። ቻርጀሩን ንቀለውና ስማ። «እምምም»ው ከጠፋ በመሬት ገመድ በኩል የሚዞር ጅረት ነው። ቻርጀሩንና ስፒከሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። ካልጠፋ በድምፅ ገመዱ መሃል የምትገባ፣ ውስጧ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ያለባት ማግለያ አለች፤ ጸጥ ታደርገዋለች። የቻርጀሩን የመሬት ጥርስ ቆርጦ መጣል ግን ሰው ይገድላልና እንዳትሞክረው።

የማውሱ ጭረት የላፕቶፑ ጃክ (የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ) ደካማ መሆኑ ነው። አክስትህን የምታስመጣት እንግዲህ ይሄ ይሁን፦ የአፕልን ከዩኤስቢ ሲ ወደ ጃክ መቀየሪያ። ትንሽ ናት፣ ከላፕቶፕ ጃክ ብዙ ጊዜ ትበልጣለች፤ የአሜሪካዋ ደግሞ ከአውሮፓዋ ከፍ ያለ፣ 1 ቮልት ያህል ድምፅ ትሰጣለች። ላፕቶፕህ የሲ ቀዳዳ ከሌለው ከሲ ወደ ተራው ዩኤስቢ የምትቀይር ጫፍ ጨምርባት። ከዚያ ከጃክ ወደ ቀይና ነጭ የሚለያየውን፣ 1.5 ሜትር የሆነውን ገመድ ተጠቀም። የላፕቶፑን ድምፅ 90 ላይ ትተህ በስፒከሩ ማዞሪያ ከፍ ዝቅ አድርግ፤ ዊንዶውስ ላይ የድምፅ ማሻሻያ የሚለውንም አጥፋው።