ሶራፌኒብ የአባቴን እግር ላጠው፤ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ለዓመታት ሄፓታይተስ ቢ ነበረበት፤ አሁን የጉበት ካንሰር ተገኘበት። ዕጢው ወደ ትልቁ የጉበት ደም ሥር ስለገባ ቀዶ ጥገና አይሆንም ተባልን። ሐኪሙ ሶራፌኒብ አዘዘለት፤ ባለ 200 ሚሊግራም ኪኒን፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት፣ በባዶ ሆድ። እንደማያድነው ነግሮናል። ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል ይከለክላል፣ እድገቱንም ያዘገያል አለን። እሱን ተቀብለናል።

ያስጨነቀን እግሩ ነው። ውስጥ እግሩ ቀልቶ፣ ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ተላጠ። ሽንት ቤት እንኳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ጣቶቹም ስለቆሰሉ እናቴ ታጎርሰዋለች፤ መጎረስ ደግሞ አይወድም! ደም ግፊቱም ጨምሯል። ሐኪሙ መጠኑን ለጊዜው በግማሽ ቀነሰው። አባቴ ግን «ከቀነስኩማ ይሰራጫል» ብሎ ተደብቆ ሙሉውን ይውጣል።

መጠኑ ተቀንሶለት፣ ቁስሉ ሲድን ወደ ሙሉው የተመለሰ ሰው አለ? ብትነግሩኝ አነብለታለሁ፤ እኔንማ አልሰማ ብሏል። ዩሪያ ያለበት የቆዳ ማለስለሻ ቅባት አዲስ አበባ ውስጥ የት አገኛችሁ? ወደ ሌላው የጉበት ካንሰር መድኃኒት፣ ወደ ሌንቫቲኒብ የቀየራችሁስ፣ እግሩ ተሻለ? እሱ በክብደት ነው የሚታዘዘው፤ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ በቀን 8 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 12። አባቴ 57 ኪሎ ነው። ለሐኪሙ ከማንሳቴ በፊት የቀመሰውን ሰው መስማት ፈልጌ ነው።

የባህል መድኃኒት ለመጠቆም ያሰባችሁ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ጉበቱ አይችልም።