በገና ያለበት የሮክ ነጠላ ዜማ በሁዳዴ ይለቀቅ?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። እዚህ ከተማችን ሮክ የሚጫወቱ አምስት ልጆች አሉ። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን ቀርጸው ጨርሰዋል። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም አለው። መግቢያውና መሐሉ ላይ ደግሞ በገና ገብቷል። ግጥሙ የሞተች እናትን የሚያስታውስ ነው እንጂ የጭፈራ አይደለም። በደብረ ዘይት ሳምንት ዩቲዩብ ላይ ሊለቁት ነው። የሰማነው ሰዎች ለሁለት ተከፈልን። እኔ ሰምቼው አልቅሻለሁ። በሁዳዴ መሆኑ ግን ከበደኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከመሐል ሜዳ፦ እህቴ፣ እኔ በገና እደረድራለሁ። ስለዚህ ዝም ልል አልችልም። በገና ብቻውን ነው የሚደረደረው። አሥር አውታር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። ሰው ተቀምጦ ራሱን የሚመረምርበት ነው። ጊዜውንም አስቡት። በሁዳዴ 55 ቀን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከበሮና ጸናጽሏን ታስቀምጣለች። ጾመ ድጓው በመቋሚያ ነው የሚዜመው። ከበሮው ባረፈበት ወቅት ልጆቻችን ድራም ሊመቱ ነው?

ከሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ የከበሮው ነገር ልክ ነህ። በገና ግን ቅዳሴም ማኅሌትም ላይ አይገባም። የቤት መሣሪያ ነው። ሌላ ነገር ልጠይቅህ። የበገና ድምፅ ለምን ይነዝራል? በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መሐል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ አይደለች እንዴ? ጊታር ላይ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር፣ የሚደረገውም ያንን መንዘር ፍለጋ ነው። አባቶቻችን ያለ መብራት የሠሩትን ልጆቹ በመብራት ሠሩት። እኔ ሁለቱ ሲገናኙ ዘመድ ከዘመዱ የተገናኘ ነው የመሰለኝ።

ከመሐል ሜዳ፦ እንዝራውን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው አያውቀውም። ግን የበገና ንዝረት ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው። አንዷን አውታር ነክተህ እስክትጠፋ ትጠብቃታለህ። ከመንካቱ መጠበቁ ይበልጣል። ጊታሩ ግን ያቺን ባዶ ቦታ ይሞላታል። እኔ ረከሰ አላልኩም። የምፈራው በገናው እንዳይሰማ ነው።

ከአንኮበር፦ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቻለሁ። እሱ በሚክስ ይስተካከላል፤ በገናው ሲገባ ጊታሩን ዝም ማሰኘት ነው። ስለ ቀኑ ልናገር። በካሴት ጊዜ አልበም የሚጠበቀው ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ነበር። ምክንያቱ ጾም ብቻ አይደለም። በበዓል ሰሞን ሰው ገንዘብ ይዞ ይወጣል፣ ሙዚቃ ቤቱም ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ያወጣል። ዛሬ ሱቁ የለም። የታወቁት ዘፋኞች ግን አሁንም ፋሲካን ይጠብቃሉ። ስማቸው ያልተሰማ አምስት ልጆች እዚያ መሐል ቢገቡ ማን ያያቸዋል? ቀኑን በንቀት የመረጡት አይመስለኝም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ልክ ነው። ሮክ ደግሞ በእኛ አገር ሰሚ ለማግኘት ድሮም ይቸገራል። ጃኖ ባንድ በፈረንጆቹ 2012 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌልን የመሰለ የታወቀ አሜሪካዊ ነበር። ስማቸው እንኳ ከአገር ልብስ የተወሰደ ነው። እንደዚያም ሆኖ «ይሄ የእኛ አይደለም» የሚላቸው አልጠፋም። የደብረ ብርሃን ልጆች ምን አላቸው? ያቺ አንድ ዘፈን ብቻ ናት።

ከአጣዬ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። በረመዳን ቤታችን ዘፈን አይከፈትም። ጎረቤቴ ከከፈተ ግን ዝጋ አልለውም። እሱም ራሱ ድምፁን ይቀንሳል፤ ማንም አላዘዘውም። «ይፈቀድላቸው ወይ» ከሆነ ጥያቄያችሁ እኔ የለሁበትም። ፈቃጁ ማነው? «ቀኑን እንዲያዘገዩት እንለምናቸው ወይ» ከሆነ ግን አብሬ እለምናለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። ለእኔ በገና ማለት ሁዳዴ ነው። ሽሮው እሳት ላይ ሆኖ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ። ስለዚህ በገናው በሁዳዴ መሰማቱ አልከፋኝም። የከፋኝ ድራሙ ነው። ለምን ለሁለት አይከፍሉትም? በገናውንና ድምፁን አሁን፣ ሙሉውን ከፋሲካ በኋላ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ግን አልስማማም። አንድ ሥራ ነው። ልጁ መጀመሪያ በዝግታ ያለቅሳል፣ ከዚያ ድራሙ ሲገባ ይጮኻል። ለቅሶ ቤት ስንሄድስ እንዲህ አይደለም እንዴ? ጩኸቱን ከቆረጣችሁት ሐዘኑም ግማሽ ነው።

ጠያቂዋ፦ ልጆቹን ዛሬ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። ቀኑን የመረጠው ድምፃዊው ነው። የእናቱ ሙት ዓመት ዘንድሮ የሚውለው በደብረ ዘይት ሳምንት ነው። ዘፈኑ ስለ እሷ ነው። ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ጓደኞቹም አያውቁም።

ከመሐል ሜዳ፦ ይህን አላወቅሁም። ይቅርታ ይደረግልኝ። ለሙት ዓመት በገና መደርደር ያለ ነገር ነው፤ እኔም ተጠርቼ ሄጃለሁ። እንደ ጋሼ ሐሳብ በገናውና ድምፁ ለእሷ ቀን ይውጣ። ሙሉው ለዳግም ትንሣኤ ይድረስ።

ከአንኮበር፦ ለብቻው ሊወጣ ከሆነ በገናው እንደገና መቀረጽ አለበት። አሁን ያለው ከጊታሩ ጋር እንዲሄድ ተብሎ የተቃኘ ነው። ለብቻው ሲሰማ ያስታውቃል።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ አሁንም አንድ ላይ ይውጣ ባይ ነኝ። ግን የእናቱ ጉዳይ ነው። እሱ ይወስን።

ጠያቂዋ፦ እሱ ደግሞ «በገናውን በደንብ የሚቃኝልኝ ሰው ካገኘሁ እስማማለሁ» ብሏል። የመሐል ሜዳው ወንድማችን፣ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን መምጣት ትችላለህ?

ከመሐል ሜዳ፦ የራሴን በገና ይዤ እመጣለሁ። የእሱ አውታር ካረጀ በእኔው ይቀረጽ። ድራሙ ላይ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ይህንንም ለራሱ እነግረዋለሁ።