ክርክር፦ በመራቢያ ወቅት በጣና ማስገር ሙሉ በሙሉ ይከልከል?

የመጀመሪያ ተሳታፊ፣ ከባሕር ዳር

እኔ ይከልከል ከሚሉት ወገን ነኝ። ነጭ ዓሣ የምንለው የላቤዮባርበስ ወገን በጣና 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር መኖሪያ የላቸውም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ወንዞች አፍ ተሰብስበው፣ ጥሩ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። መረብ የሚዘረጋው በዚሁ መሰብሰቢያ ላይ ነው፤ በወንዙም ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው እየበተኑ ትልቁንም ጫጩቱንም በአንድነት የሚገድሉ አሉ። ጥፋቱን ሁሉ በእምቦጭ፣ ሐይቁን በሸፈነው የውኃ አረም፣ የሚያሳብቡ ወገኖች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እጠይቃለሁ። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ የገቡት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሲሆን፣ የነጭ ዓሣ መጠን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ነው።

ሁለተኛ ተሳታፊ፣ ከጎርጎራ

ወንድሜ ያቀረቡት የዘመን ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ ከእርሱ የተነሡበት ፍርድ ግን ይከብደኛል። ሙሉ ክልከላው የሚያርፈው በማን ላይ ነው? የሞተር ጀልባ ያለው ሰው ወደ ሌላ ዳርቻ ሊሄድ ይችላል፤ በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው ድሃ ግን ከመንደሩ ብዙ አይርቅም። በሰሜኑ ዳርቻ እምቦጩ ታንኳ ማውጫውን ይዘጋበታል፣ መረቡን ይቀድበታል፤ ቆረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻም ሸፍኖ አየር ያሳጣዋል። አረሙን የሚያደልበው ደግሞ ከተራቆተው ተዳፋት በጎርፍ የሚወርደው አፈር፣ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተሞቹ ሳይጣራ የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው፤ ከእነዚህ አንዱንም አስጋሪው አላመጣውም። በፎገራ ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ባሕር ሸሹ እየታረሰ፣ አምባዛ የተባለው ዓሣ የሚራባበት ረግረግ ለሩዝና ለሌላ ሰብል ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቁና ከሐይቁ መውጫ ላይ ባለው በጨራ ጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደርበው ሐይቁ እጅግ ሲጎድል፣ ጀልባዎች በደለል ላይ ቀርተው ነበር። የዝናቡ አገባብ ከዓመት ዓመት በሚለዋወጥበት በዚህ ዘመን፣ ዓሣው የሚወጣው ወንዙ ሲሞላ እንጂ በመመሪያ በተጻፈው ቀን አይደለም። የአንድ ቤተሰብን ምግብ ለወራት ዘግቶ፣ ካሳም ሳያስቡ ሕግ ማውጣት ሰውን ወደ ሌሊት ማስገር ይገፋዋል።

የመጀመሪያ ተሳታፊ

ስለ ታንኳ አስጋሪው ያሉት ልክ ነው፤ ስለዚህ ሐሳቤን አጠባለሁ። ሐይቁ ለቆረሶና ለአምባዛ ክፍት ይሁን፤ የተከለከለው የወንዞቹ አፍና ከአፋቸው ሽቅብ ያለው መንገድ ብቻ ይሁን፤ የክልከላው መጀመሪያም በየዓመቱ በወንዙ አሞላል ይወሰን። ዓይኑ ጠባብ የሆነው ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ግን ዓመቱን ሙሉ መወገድ አለበት፤ ጫጩቱን የሚጨርሰው እርሱ ነውና። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጎደለው አስከባሪ ነው፤ ጥበቃውንም ከየመንደሩ ለተመረጡ አስጋሪዎች በደመወዝ ቢሰጡት፣ የካሳውም ጥያቄ በከፊል ይመለሳል።

ሁለተኛ ተሳታፊ

በዚህ መልኩ ከሆነ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። መረቡ ከርብ አፍ ከተነሣ በኋላ ዓሣው ሽቅብ ሲወጣ የሚያገኘው ወንዝ ግድብ ያረፈበት፣ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ የሚዛቅ፣ ውኃውም በፓምፕ ለመስኖ የሚሳብ ነው። አስጋሪው መረቡን በሚያነሣባቸው ሳምንታት የጠጠር ቁፋሮው እንዲቆም፣ ከግድቡም ለዓሣው የሚበቃ ውኃ እንዲለቀቅ በዚያው መመሪያ ውስጥ ይጻፍ።