ሸራ መጠለያ ውስጥ አጎበር እንዴት ይሰቀላል? (ፍኖተ ሰላም አካባቢ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተፈናቃዮቹ ሸራ ውስጥ፣ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ነው የሚተኙት። አጎበር ታድሏል፤ መስቀያ ግን የለም፣ እንደ አንሶላ ይለብሱታል። «ፊት ያቃጥላል» ብለው የጣሉትም አሉ። መስከረም ጠብቷል፣ ዝናቡም እየወጣ ነውና ወባ ያሰጋናል። ውሃ ያቆረውን ሁሉ መድፈን አልቻልንም፤ ከየቱ እንጀምር?

የቡሬው፦ መልበሱን ዛሬውኑ አስተዉ። ገላ ላይ የተለጠፈ አጎበር አያድንም፤ ትንኟ በቀዳዳው ትነድፋለች። ከሸራው ጋርም አትሰሩት፤ ነፋስ ሸራውን ባርገበገበ ቁጥር ማዕዘኑ ይተረተራል። 1 ሜትር ከ70 የሆኑ አራት እንጨቶች በሰሌኑ ማዕዘኖች ትከሉ፤ 40 ሳንቲሜትሩ መሬት ይግባ። ጫፎቹን ዙሪያውን በሲባጎ አያይዙና አጎበሩን ከሲባጎው ላይ እሰሩ። እንጨቱ ከዚህ ከረዘመ የአጎበሩ ጠርዝ ሰሌኑ ሥር አይደርስም፤ ትንኟ የምትገባው ደግሞ በዚያው ነው። ፊት ማቃጠሉ አዲስ አጎበር ላይ ካለው የትንኝ መድኃኒት ነው፦ ከፌስታሉ አውጥታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ላይ ካናፈሳችሁት ይቀንሳል። ፀሐይ ግን መድኃኒቱን ያጠፋዋል፤ ሲታጠብም እንዲሁ ጥላ ላይ ይድረቅ። በረኪና አይንካው፣ ወንዝ ውስጥም አይታጠብ፤ ዓሣ ይፈጃል።

ጤና ኤክስቴንሽን፦ ከበቆሎ ማሳ አጠገብ ካቆረው ውሃ ጀምሩ። በቆሎው ሲያብብ ከአናቱ የሚረግፈው ብናኝ ውሃ ላይ ወድቆ ለትንኟ እጭ (ክንፍ ላላወጣችው፣ ውሃ ውስጥ ለምታድገው) ምግብ ይሆናል፤ ቡሬ አካባቢ በጥናት የታየ ነው። ቀጥሎ ለምርጊት ጭቃ የተቆፈረውን ጉድጓድና የመኪና ጎማ የሄደበትን ቦይ፤ የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘውን ጥርት ያለ ውሃ ትወዳለች። በነጭ ሳህን ቅዱና እዩ፦ እጩ ከውሃው ፊት ጋር ተጋድሞ ከተንሳፈፈ የወባ ነው፤ ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ሌላ ትንኝ ነው። በየ7 ቀኑ ድፈኑ ወይም አፍስሱ። ሙቀት ካለ ከእንቁላል እስከ መብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታልና አንድ ዙር አትዝለሉ።

ነርስ፦ ያተኮሰው ሰው ቢዘገይ በማግስቱ ይመርመር። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም 6 ጊዜ በ3 ቀን ነው፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ትኩሳቱ ሲበርድ ቀሪውን ለሌላ በሽተኛ ማካፈል በመጠለያ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ሳይድኑ ይቀራሉ። ምርመራው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ካለ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ፕሪማኩይን የሚባለውን የ14 ቀን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ያስውጡ። ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ያሉትስ? ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

የቡሬው፦ መሬት የሚገባውን 40 ሳንቲሜትር ከእንጨቱ ቀንሱና የዘይት ጣሳ ውስጥ አቁሙት፤ ዙሪያውን በጠጠርና በእርጥብ ጭቃ ጠቅጥቁ፤ ጭቃው ሳይደርቅ አጎበሩን አትስቀሉ።