የግቢ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ባለሙያ ሳልጠራ በትንሽ ወጪ እንዴት ልጠግነው?

የሳሪስ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። የግቢያችን ቧንቧ አልዘጋ ብሏል። ጠብታው ቀን ቀን ቀለል ይላል፣ ሌሊት ይብሳል። ግማሽ ኢንች ነው፣ እየተሽከረከረ የሚዘጋው የድሮው ዓይነት፤ ከመሬት በወጣ የብረት ቧንቧ ላይ ነው የታሰረው። ጠበቅ ሲደረግ ትንሽ ያቆምና ይመለሳል። ሲከፈት ደግሞ ከእጀታው ሥር ውሃ ይወጣል። ይጠገናል ወይስ አዲስ ልግዛ?

ባለፒንሳ፦
ይጠገናል፣ ለመግዛት አትቸኩል። የነገርከን ሁለት የተለያየ ብልሽት ነው። ከአፉ የሚንጠባጠበው ጎሚኒው (ውሃውን የሚዘጋው ክብ ጎማ) ስላለቀ ነው፤ ከእጀታው ሥር የሚወጣው የዘንጉ (ከእጀታው ጋር የሚዞረው ብረት) ማሸጊያ ስለላላ ነው። አንዴ ከከፈትከው አይቀር ሁለቱንም ጨርሳቸው። ሌሊት የሚብሰው ሰፈሩ ሲተኛ የመስመሩ ግፊት ስለሚጨምር ነው።

ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት መፍቻ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎንና ጎሚኒ ይበቃሃል።

መጀመሪያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ዝጋ፤ ግቢው ከሮቶ የሚያገኝ ከሆነ የሮቶውን መውጫም ጭምር። ከዚያ ቧንቧውን ከፍተህ የቀረውን ውሃ አፍስስ፣ ክፍቱንም ተወው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ዘንጉ ወደ ታች እንደተጠበቀ የቧንቧውን ራስ ለመፍታት ከታገልክ ጎሚኒውን መቀመጫው (ጎሚኒው ተጭኖ የሚዘጋበት ጠርዝ) ላይ ትጨፈልቀዋለህ፣ ጥርሱም (እየተሽከረከረ የሚታሰርበት ጠመዝማዛ) ይጎዳል። የእጀታውን ብሎን ፈተህ እጀታውን ንቀል። ከሥሩ ትንሽ ዳዶ አለ፣ እሱ የዘንጉ ማሸጊያ ነው። ከሱ በታች ያለው ትልቁ ባለ ስድስት ማዕዘን የቧንቧው ራስ ነው። እሱን ስትፈታ የቧንቧውን ገላ በሁለተኛው መፍቻ አጥብቀህ ያዝ። ካልያዝከው ኃይሉ ወደ ታች ይወርድና የዛገው ብረት ጥርሱ ላይ ይቆረጣል፤ ያኔ የአንድ ጎሚኒ ሥራ ቁፋሮ ይሆናል። እምቢ ካለ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገህበት አሳድረው እንጂ አትታገለው።

ዘንጉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ጎሚኒውን ታገኘዋለህ። ካለቀ ፊቱ ላይ እንደ ቀለበት የሰመጠ ምልክት አለው፣ በጥፍር ስትጫነውም እንደ ድንጋይ ደርቋል። አሮጌውን ይዘህ ሱቅ ሂድ፣ መጠኑ በዓይን አይገመትም። ትንሽ ከሆነ መቀመጫውን አይሸፍንም፣ ትልቅ ከሆነ ጠርዙ ይታጠፍና ያፈሳል። ከካላማዳሪያ ቆርጦ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ግን ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ ይሰምጣል፣ ብዙም አይቆይም። ሱቅ ዝግ ከሆነ አሮጌውን ገልብጠህ ብታስገባው ይሻላል፤ ጀርባው ብዙ ጊዜ ያልተነካ ነው።

የሳሪስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከፈትኩት። ጎሚኒው መሃሉ ሰምጧል። ግን የናሱ መቀመጫ ላይም ጭረት አለ፣ ካቻቪቴ ጫፍ ሲነካው ይሰማል። ማሸጊያው ውስጥ ያለው ክርም ተበጣጥሷል።

ናስ ብቻ፦
ወሳኙ መቀመጫው ነው። አዲስ ጎሚኒ ተገጥሞለት በሳምንቱ ጠብታው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ጭረቱ አዲሱን ጎማ እንደገና ይበላዋል።

ጭረቱ ቀላል ከሆነ ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት በክብ ቆርጠህ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ እንጨት ላይ ለጥፍ፤ እንጨቱ ዘንጉ በወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ይሁን። ቀጥ አድርገህ ቀስ እያልክ አሽከርክር። ካዘነበልከው በአንድ ወገን በልተኸው ከበፊቱ ይብሳል። ጭረቱ ጠፍቶ ፊቱ ዙሪያውን እኩል ሲያበራ አቁም። ዘንጉን ሳትመልስ ዋናውን ቫልቭ ለአፍታ ከፍተህ ብናኙ ይታጠብ፤ ውሃው ወደ ላይ ስለሚፈናጠር ፊትህን ዞር አድርግ። የካቻቪቴው ጫፍ የሚገባበት ጥልቅ ጭረት ከሆነ ግን አትድከም፣ ቧንቧውን ቀይር።

ለማሸጊያው፦ ትንሹን ዳዶ አንስተህ የተበጣጠሰውን ክር ልቀም። ቴፍሎን እንደ ፈትል ግመድና ከላይ ሆነህ ስታየው በሰዓት አቅጣጫ ዘንጉ ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምጥም፤ ዳዶውን መልስ። መጀመሪያ በጣት አጥብቅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ። እጀታው ከከበደህ አልፈሃል። ማሸጊያው ክር ሳይሆን የጎማ ቀለበት የሆነበት ዓይነት ካጋጠመ ቀለበቱን ቀይር፤ ቫዝሊን አትቀባው፣ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ሰፈር ቴክኒሻን፦
መቀየር ከመጣ፣ ስትገዛ ክብደቱን ያዝ፣ የጥርሱንም ውስጥ እይ። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ግራጫ ሆኖ ከላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተወው፣ ሲታሰር ጥርሱ ይሰነጠቃል። ማግኔት አያድንህም፤ ያ ግራጫውም ማግኔት አይስብም።

ቴፍሎን ስትጠመጥም የቧንቧውን ጥርስ ወደ ራስህ አዙረህ በሰዓት አቅጣጫ፤ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተወው። የእኛ ሱቅ ቀጭኑ ቴፍሎን ከሆነ ከ10 እስከ 15 ዙር ይፈልጋል። የአሮጌውን ቴፍሎንና ዝገት ከኤልቦው (ቧንቧው ከሚታሰርበት ማጠፊያ) ውስጥ በሽቦ ብሩሽ ሳታጸዳ አትሰር። አፉ ወደ ታች ሳይዞር ከጠበቀ አስገድደህ አትጨርሰው፤ ወደ ታች ካለፈ ደግሞ መልሰህ አታዙረው። ወደ ኋላ የተመለሰ ቴፍሎን ያፈሳል። ፍታውና ዙሩን ጨምረህ ወይም ቀንሰህ እንደገና እሰር። መስመሩ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ከሆነ በተለይ ቀስ፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ውስጡ ያለው ናስ ከፕላስቲኩ ተላቆ ይዞራል።

ማርዳ፦
ለምን በሩብ ዙር የሚዘጋውን፣ ውስጡ ኳስ ያለውን ቧንቧ አይገዛም? ሰው በጉልበት የሚያጠብቀው ነገር የለውም፣ ጎሚኒም አይበላም።

ባለፒንሳ፦
እውነት ነው፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ግቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላይ እጠራጠራለሁ። ውሃው ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ አየርና የዝገት ቅንጣት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያ ቅንጣት ኳሱን የያዘውን ነጭ ቀለበት ይቧጥጠዋል። ጎሚኒ በሳንቲም ይቀየራል፤ ያ ከተቧጠጠ ግን ሙሉውን ጥለህ ሌላ ትገዛለህ። ግማሽ ከፍተው የሚተዉት ሰዎች ካሉ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሄደው። የትኛውንም ብትገጥም በፈረቃው ቀን የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ክፍት አድርገህ አስወጣ፣ ከዚያ ዝጋ።

ሰፈር ቴክኒሻን፦
ሌላው የተረሳው ጄሪካን ነው። እጀታውን ቧንቧው አፍ ላይ አንጠልጥለው ይሞሉታል፤ 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ ያ ሁሉ የኤልቦውን ጥርስ ያወዛውዘዋል። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብሎኬት አስቀምጥ፣ ቋሚውንም ቧንቧ ከተተከለ እንጨት ወይም አንግል ብረት ጋር በሁለት ቦታ እሰረው።

ስትጨርስ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተህ፣ ሮቶው ሞልቶ ካቆመ በኋላ፣ የቆጣሪውን ትንሿን ተሽከርካሪ ተመልከት። ከተንቀሳቀሰች ሌላ ቦታ የሚያፈስ አለ፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ፍላሽ እይ። ጠብታ ትንሽ ነው ብሎ መተውም ዋጋ አለው፦ ከሥሩ ማሰሮ አድርገህ በሰዓት 1 ሊትር ከሞላ በቀን 24፣ በወር 720 ሊትር ነው። ቆጣሪውንና ከሱ በፊት ያለውን መስመር ግን አትንካ፣ እሱ የውሃና ፍሳሽ ነው።

የሳሪስ ልጅ፦
ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት ሞከርኩት፣ ጠፍቷል። ጎሚኒም ማሸጊያም ገብቷል፤ እስካሁን ደረቅ ነው። ሌሊት ግፊቱ ሲመጣ አይቼ እነግራችኋለሁ።